‹‹ሒሳቡን አሳዩኝ›› ማለት ነውር ነው ወይ?

ውድ አዘጋጅ፣

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አገር ቤት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን ለሚያስተምር አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ላለፉት አራት ዓመታት በየወሩ 50 ዶላር ሳዋጣ ቆይቻለሁ። ድርጅቱ የተመዘገበው እዚሁ አሜሪካ ነው። ያስገባችኝ የቦርድ አባል የሆነች የልብ ጓደኛዬ ናት። በቅርቡ ለአዲስ ትምህርት ቤት ግንባታ 2,000 ዶላር እንድሰጥ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ‹‹ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፤ መጀመሪያ ሒሳባቸውን እዪ›› አለኝ። ይህንን ለጓደኛዬ ብነግራት ከፋት። ‹‹ለእግዚአብሔር ብለሽ የሰጠሽውን መቁጠር ጀመርሽ እንዴ?›› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውልላት ድምፅዋ ሌላ ነው።

ልጄ ፎርም 990 የሚባለውን፣ ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያስገቡትን የሒሳብ ሪፖርት ኢንተርኔት ላይ አገኘልኝ። ገጹ ብዙ ነው፤ ምንም አልገባኝም። ቁጥሮቹን ግን ገልብጫለሁ። ጠቅላላ ገቢ 412,000፣ ጠቅላላ ወጪ 265,000። ወጪው በሦስት ተከፍሏል፦ ዓምድ ቢ 214,000፣ ዓምድ ሲ 38,000፣ ዓምድ ዲ 13,000። ዓምድ ቢ ውስጥ ጉዞ 41,000፣ ስብሰባ 33,000 ይላል። ስኬጁል ኤፍ ላይ ከሰሃራ በታች አፍሪካ 96,000። የእራት ዝግጅት 8ኤ 79,000፣ 8ቢ 61,000። በዓመቱ መጨረሻ የተጣራ ሀብት 390,000። ሊቀ መንበሩ ደመወዝ አይከፈላቸውም። ገንዘብ ያዥዋ ባለቤታቸው ናቸው። በራሪ ወረቀታቸው ‹‹ከእያንዳንዱ ዶላር 81 ሳንቲም ለልጆቹ ይውላል›› ይላል። እውነት ነው? ወይስ ያለ አግባብ ተጠራጥሬ ጓደኛዬን ላጣ ነው?

ግራ የገባት እናት

* * *

ውድ እህቴ፣

የጓደኛዎን ነገር ላስቀድም። ከቁጥሮቹ ይልቅ የከበደዎት እሱ እንደሆነ ከደብዳቤዎ ገብቶኛል።

ዕድር ያውቃሉ። ዕድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ተቆጣጣሪም አለው። ገንዘብ ያዡ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ሊሆኑ ይችላሉ። እንደዚያም ሆኖ ዓመቱ ሲሞላ ተነሥተው ገቢና ወጪውን ያነባሉ። ‹‹ለድንኳን ማደሻ ይህን ያህል የወጣው ለምንድን ነው?›› የሚል አይጠፋም። ማንም አይቆጣውም። እሳቸውም ሌባ እንዳልተባሉ ያውቃሉ፤ መዝገቡን ገልጠው ያስረዳሉ። እናቶቻችን ለጥቂት ብር መዋጮ ያላፈሩበትን ጥያቄ እኛ ለ2,000 ዶላር የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ጓደኛዎ ‹‹ለእግዚአብሔር ብለሽ የሰጠሽው›› አለችዎ። ልክ ናት፣ በእሱ ስም ነው የሰጡት። ገንዘቡ የወጣው ግን ለልጆቹ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ቦርድ ፊት ቆሞ ሒሳብ መጠየቅ አይችልም። የሚጠይቅለት እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው።

ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። 501(ሲ)(3) የሚባለውን ፈቃድ ያገኘ ድርጅት በገቢው ላይ ግብር አይከፍልም። ሰጪዎቹም ስጦታውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው ላይ ማስቀነስ ይችላሉ። በምትኩ ሒሳቡ ለሕዝብ ክፍት ነው። የቅርብ ሦስት ዓመታት ፎርም 990 ቅጂዎችንና መጀመሪያ ፈቃድ የጠየቀበትን ማመልከቻ ለጠየቀው ሰው ሁሉ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቢሮ ሄደው ከጠየቁ በዚያው ቀን፣ በጽሑፍ ከጠየቁ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ሪፖርቱን አልሰጥም ያለ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን የገንዘብ ቅጣት ሊጣልበት ይችላል። እርስዎ ምክንያት መናገር እንኳ አይጠበቅብዎትም።

ወረቀቱን ለማግኘት ሁለት ነፃ ቦታዎች አሉ። አንዱ የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት፣ የአይአርኤስ መፈለጊያ ነው፤ ‹‹ታክስ ኤግዘምፕት ኦርጋናይዜሽን ሰርች›› ይባላል። ሌላው ፕሮፐብሊካ የተባለው የዜና ድርጅት ‹‹ኖንፕሮፊት ኤክስፕሎረር›› ነው፤ ለማንበብ እሱ ይቀላል። በስም ብቻ አይፈልጉ። የእኛ ድርጅቶች ስም ይመሳሰላል፤ ተስፋ፣ ብርሃን፣ ሕይወት የሚል ብዙ ነው። ኢአይኤን የሚባለውን የድርጅቱን ባለ 9 አሃዝ መለያ ቁጥር ከደረሰኝዎ ላይ ወስደው በእሱ ይፈልጉ። የቅርብ ዓመቱን ካጡትም አይደንግጡ። የሒሳብ ዓመቱ በታኅሣሥ የሚዘጋ ድርጅት ሪፖርቱን የሚያስገባው በሚቀጥለው ዓመት ሜይ 15 ነው። ማራዘሚያ ከጠየቀ እስከ ኖቬምበር 15 ጊዜ አለው።

ሁሉም ድርጅት ግን እንደዚህ ያለ ረጅም ወረቀት አይሞላም። ዓመታዊ ገቢው በአብዛኛው 50,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች የሆነ 990-ኤን የምትባል አጭር የኤሌክትሮኒክ ቅጽ ብቻ ይልካል። እሷ ላይ ስምና አድራሻ እንጂ ሒሳብ የለም። ገቢው ከ200,000፣ ሀብቱም ከ500,000 በታች የሆነ አጠር ያለውን 990-ኢዜድ መሙላት ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉውን ነው። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ጭራሽ አያስገቡም፤ ሕጉ ነፃ አድርጓቸዋል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያችሁን ሒሳብ ኢንተርኔት ላይ ብታጡት ተደብቆ አይደለም። እዚያ የሚጠየቀው በጠቅላላ ጉባኤ ነው።

አንድ ነገር ከራሴ ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት የአንድ የአገር ልጆች ማኅበር አባል ነበርኩ። ገቢያችን ትንሽ ስለነበረች የሚጠበቅብን ያቺ አጭር ቅጽ ብቻ ነበረች። ጸሐፊው ገንዘብ ያዡ ይልካል ይላል፤ ገንዘብ ያዡ ደግሞ ጸሐፊው ልኮታል ይላል። እኛም አልጠየቅንም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላስገባ ድርጅት ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይሰረዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሕግ ነው። የእኛም ተሰረዘ። አንድ ሳንቲም አልጎደለም ነበር። ግን ለተማሪዎች ደብተር ያዋጡ ሰዎች ማኅበሩን ከዝርዝሩ ሲያጡት ምን ተሰማቸው? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በ2011 አይአርኤስ የመጀመሪያውን ዝርዝር ሲያወጣ በዚህ ምክንያት የተሰረዙት 275,000 ገደማ ነበሩ። ይህን የማነሣው ወረቀት ላይ ጉድለት ስናይ ወዲያው ሌብነት እንዳንል ነው። ቸልተኝነት ሊሆን ይችላል። ቸልተኝነትም ቢሆን ግን ልጆቹን ይጎዳል።

አሁን ወደ ቁጥሮችዎ።

በራሪ ወረቀቱ ላይ ያለው 81 ሳንቲም ከየት መጣ? 214,000ን ለ265,000 ያካፍሉት። 81 በመቶ ገደማ ይመጣል። ስሌቱ ትክክል ነው። ዓምድ ቢ ለዓላማው የዋለ ወጪ፣ ሲ የአስተዳደር፣ ዲ ገንዘብ የማሰባሰቢያ ነው። ቢቢቢ ዋይዝ ጊቪንግ አሊያንስ የሚባለው ተቋም የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሲመዝን ከጠቅላላ ወጪው ቢያንስ 65 በመቶው ለዓላማው እንዲውል ይጠይቃል። 81 በዚያ መለኪያ ያልፋል።

ግን ልብ ይበሉ። የተካፈለው ለወጪው ነው እንጂ እናንተ ለሰጣችሁት አይደለም። የገባው 412,000 ነው። ‹‹ከእያንዳንዱ ዶላር›› የሚለውን ቃል ሰጪ ሲሰማው ‹‹እኔ ከሰጠሁት ዶላር›› ብሎ ነው የሚረዳው። በዚያ ዓመት ወደ አፍሪካ ተሻገረ የተባለው 96,000 ነው። 96,000ን ለ412,000 ሲያካፍሉ 23 ሳንቲም ገደማ ነው።

ቆይ፣ አይናደዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወረቀቱን ስክሪንሾት አድርጎ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፤ በማግሥቱ የሰው ስም ጠፍቷል። 23 ሳንቲም ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ልዩነቱ የት እንዳለ ነው ማየት ያለብን። ሁለት ቦታ ነው ያለው።

አንደኛው ያልወጣው ገንዘብ ነው። 412,000 ገብቶ 265,000 ሲወጣ 147,000 ተርፏል። ለሕንፃ እየቆጠቡ ከሆነ ጥሩ ነው። ይህን የሚያጣሩበት አንድ መስመር አለ። ክፍል 10 ላይ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ውስጥ፣ መስመር 27ንና 28ን ይመልከቱ። 27 ቦርዱ እንደፈለገ ሊያወጣው የሚችለው ሀብት ነው። 28 ሰጪዎች ‹‹ለዚህ ጉዳይ ብቻ ይዋል›› ብለው የሰጡት ነው። ሰዎች ለትምህርት ቤት ሕንፃ ብለው ሲያዋጡ ከቆዩ ያ ገንዘብ 28 ላይ መታየት አለበት። 390,000ው በሙሉ 27 ላይ ከተቀመጠ ‹‹የሕንፃው መዋጮ የት ነው የተመዘገበው?›› ብለው ይጠይቁ። የሕንፃው መዋጮ የተጀመረው ከዚያ ሪፖርት በኋላ ከሆነ ግን ባዶ መሆኑ አያስደነግጥም። እንግዲያውስ የ2,000 ዶላሩን ጉዳይ የሚወስነው ከሁሉ በላይ ይህ መስመር ነው ብዬ አምናለሁ። ለሕንፃ ብለው የሚሰጡት ገንዘብ በጽሑፍ ‹‹ለሕንፃ›› ተብሎ ይመዝገብልዎ።

ሁለተኛው ዓምድ ቢ ራሱ ነው። 214,000 ለዓላማው ዋለ ተብሏል። 96,000 ከተሻገረ 118,000 እዚህ ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ጉዞ 41,000፣ ስብሰባ 33,000፣ የቀረው 44,000 ልዩ ልዩ። ጉዞና ስብሰባ ለዓላማው አይደለም ልል አልችልም። ሐኪሞችን ይዞ የሚሄድ ድርጅት ወጪው የአውሮፕላን ትኬት ነው። ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር ድርጅት ግን በዓመት 41,000 ዶላር ማን ወዴት ተጓዘበት? 33,000ውስ የምን ስብሰባ ነው? መልስ ይኖራቸው ይሆናል። ልጠይቅ ቢሉ አያፍሩ።

የትኛው ወጪ በየትኛው ዓምድ ይግባ የሚለውን የሚወስነው ሒሳቡን የሚሠራው ሰው ነው። መመሪያ አለ፤ ለትርጉም ግን ሰፊ ቦታ ይተዋል። ይህ ጣጣ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። አገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ‹‹ሰባ ሠላሳ›› የሚባለውን ያስታውሱት ይሆናል። የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ነበር። መመሪያው ለሥልጠናና ለክትትል የሚወጣውን ሁሉ አስተዳደር ብሎ ስለቆጠረው ስንቱ ደህና ድርጅት ተቸግሯል። እዚያ የሥራው ወጪ አስተዳደር ተባለ። እዚህ ደግሞ የአስተዳደሩ ወጪ ሥራ ሊባል ይችላል። ስለዚህ እኔ በመቶኛው ላይ ብዙ አልቆምም። በክፍል 9 ከመስመር 1 ጀምሮ ወደ ታች እወርዳለሁ፤ እያንዳንዱ ወጪ በስሙ ተጽፏል።

መቶኛ ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ50ዎቹ ግዛቶችና ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ሆኖ ካንሰር ፈንድ ኦፍ አሜሪካንና ሦስት ተያያዥ ድርጅቶችን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ከ2008 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ከሕዝብ ከ187 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበዋል። ለካንሰር ሕሙማን የደረሰው ግን በጣም ጥቂት ነበር። ሪፖርታቸውን ያሳመሩት በዓይነት በተሰጠ ዕቃ ነው ተባለ። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዕቃ በእጃቸው እንዳለፈ አድርገው፣ በትልቅ ዋጋ፣ ገቢም የዓላማ ወጪም አድርገው መዘገቡት። ያኔ መቶኛው አማረ። እስከ 2016 አራቱም እንዲዘጉ ተደረገ። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ ትልቅ የመድኃኒት ወይም የልብስ ስጦታ ካዩ ስኬጁል ኤም የሚባለውን አባሪ ቅጽ ይክፈቱ። ዕቃው በምን ዋጋ እንደተገመተ እዚያ አለ።

የዚህን ተቃራኒም ልንገርዎ። ‹‹እኛ ጋ የአስተዳደር ወጪ ዜሮ ነው›› የሚል ድርጅት እኔን አያጽናናኝም። እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለሰጪዎች መረጃ የሚያቀርቡት ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና ቢቢቢ ዋይዝ ጊቪንግ አሊያንስ አንድ ላይ ሆነው ለሰጪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። የአስተዳደር ወጪን ብቻ እያያችሁ አትፍረዱ ነው ፍሬ ነገሩ። እውነታቸውን ነው። ሒሳብ የሚይዝ ሰው ደመወዝ ያስፈልገዋል። ኦዲተር ገንዘብ ያስወጣል። እነዚህ በሌሉበት ነው ገንዘብ የሚጠፋው። የእርስዎ ድርጅት በዓምድ ሲ 38,000 ማውጣቱ ብቻውን አላስከፋኝም።

ስለ እራቱ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዓምድ ዲ ላይ ያለውን 13,000 ያየ ሰው ‹‹ገንዘብ ለማሰባሰብ ያወጡት ይህችን ነው›› ይላል። የእራት ዝግጅቱ ቀጥታ ወጪ ግን እዚያ አይገባም። አዳራሹ፣ ምግቡ፣ ዘፋኙ ሁሉ ክፍል 8 ላይ፣ ገቢ የሚመዘገብበት ቦታ፣ 8ቢ ላይ ተቀንሶ ያልፋል። የእርስዎዎቹ 61,000 አውጥተዋል። ከእራቱ የተገኘው 79,000 ነው፤ የተጣራው 18,000 ብቻ ነው። በዚያ ምሽት በስጦታ የተሰጠው ደግሞ 1ሲ ላይ ለብቻው አለ፤ እሱንም ይዩት። ትልቅ ከሆነ እራቱ ዋጋውን አውጥቷል። ትንሽ ከሆነ ግን ሆቴሉ ከልጆቹ የበለጠ አግኝቷል ማለት ነው፤ ይህን ለቦርዱ መንገር ወዳጅነት ነው።

ባልና ሚስት ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ መሆናቸውን ጽፈውልኛል። ሕጉ አይከለክልም። ክፍል 6 መስመር 2 ላይ ዝምድና ካለ ‹‹አዎ›› በሉ ይላል፤ ማብራሪያው ስኬጁል ኦ ላይ ይጻፋል። ‹‹አዎ›› ካሉ ቢያንስ አልደበቁም፤ ይህን በበጎ ይቁጠሩላቸው። ግን ቼክ የሚፈርመው ማነው? ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ጥሩ አይደለም። ሰዎቹ ቅን ቢሆኑም ጥሩ አይደለም። አንድ ቀን አንድ ደረሰኝ ቢጠፋ የሚመሰክርላቸው ሦስተኛ ሰው አይኖርም። እዚያው ክፍል 6 ላይ 1ኤ የቦርዱን ቁጥር፣ 1ቢ ነፃ የሆኑትን ቁጥር ይነግርዎታል። 12ኤ የጥቅም ግጭት ፖሊሲ አላችሁ ወይ ይላል። 11ኤ ይህ ሪፖርት ከመላኩ በፊት ለቦርዱ አባላት ሁሉ ደርሷል ወይ ይላል። ጓደኛዎ የቦርድ አባል ናትና እሷም ሪፖርቱን አይታው ታውቅ እንደሆነ ቀስ ብለው ይጠይቋት። ብዙ የቦርድ አባል አንብቦት አያውቅም። ምናልባት የከፋትም ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ መልሱን አታውቀውም።

ክፍል 12 ላይ ደግሞ መስመር 2ቢን ይመልከቱ። ሒሳቡ በገለልተኛ ኦዲተር ተመርምሯል ወይ ይላል። ‹‹አዎ›› ከሆነ የኦዲት ሪፖርቱን ቅጂ ይጠይቁ። ይህን ሁሉ ለአንድ ዓመት ብቻ አይዩ። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ጉዞው በየዓመቱ 41,000 ነው ወይስ ዘንድሮ ብቻ ነው? የተሻገረው እያደገ ነው ወይስ ገቢው ሲያድግ ባለበት ቆሟል?

ውቅያኖሱን ሲሻገሩ ወረቀቱ ያልቅብዎታል። ስኬጁል ኤፍ ላይ ገንዘቡን አገር ቤት የተቀበለው ድርጅት ስም አይጻፍም። ቦታው በቅጹ ላይ ጥቁር ተደርጎ ተዘግቷል። የሚያዩት ክልሉን፣ ምክንያቱን፣ መጠኑንና በምን መንገድ እንደተላከ ነው። ኢትዮጵያ የሚል ቃል እንኳ ላያገኙ ይችላሉ። ድርጅቱ አዲስ አበባ የራሱ ቢሮና ሠራተኛ ካለው ደግሞ ወጪው በስጦታ መልክ አይታይም። የስኬጁሉ ክፍል 1 ላይ የቢሮና የሠራተኛ ቁጥር ከነወጪው ይገባል። እርስዎ የገለበጡት 96,000 የክፍል 1 ጠቅላላ ድምር ይሁን የስጦታው ብቻ እንደገና ያረጋግጡ። ስጦታው ብቻ ከሆነ የእኔ 23 ሳንቲም ከፍ ይላል፤ እዚያ ላይ ልሳሳት እችላለሁና ይህን ሳያዩ ለማንም አይናገሩ።

አገር ቤት ያለው ተቀባይም ባለቤት አልባ አይደለም። አሁን በሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባል። የአስተዳደር ወጪውም ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ያንኑ ለባለሥልጣኑ ያቀረቡትን የኦዲት ሪፖርት ቅጂ ይጠይቁ። ከዚህ የተላከውና እዚያ የደረሰው ሳንቲም በሳንቲም ባይገጥም ወዲያው አይጠርጥሩ። የአገር ቤት የበጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ የአሜሪካው ብዙ ጊዜ ከጃንዋሪ ይጀምራል። ምንዛሪውንም ያስቡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊትና በኋላ የተላከ 10,000 ዶላር በብር ሲቆጠር በጣም ይራራቃል። ስለዚህ የሚጠይቁት ‹‹በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ባንክ፣ በስንት ተመነዘረ?›› ብለው ነው። በባንክ ያልሄደ ገንዘብ ካለ ግን እዚያ ላይ ዓይንዎን ይክፈቱ።

ምን ያድርጉ? ለቦርዱ አጭር ኢሜይል ይጻፉ። በምስጋና ይጀምሩ፤ አራት ዓመት የለፉት ከልብ ነውና። ከዚያ በቀጥታ ይጠይቁ፦ የ118,000ው ዝርዝር፣ የሕንፃው መዋጮ የተመዘገበበት መስመርና የባንክ ሒሳብ፣ አገር ቤት ያለው ተቀባይ ስምና የኦዲት ሪፖርቱ፣ ቼክ የሚፈርሙት ሰዎች እነማን እንደሆኑ። ሦስት ሳምንት ይስጧቸው። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከሥራ መልስ ነው ኢሜይል የሚያነቡት።

መልሱ ወረቀት ይዞ ከመጣ፣ ጉድለት እንኳ ቢኖርበት፣ 2,000ውን ለመስጠት አይቸግርዎ። ‹‹እኛን አታምኚንም ወይ?›› ብቻ ከሆነ ግን ያቆዩት። ጭራሽ ካልመለሱ የተመዘገቡ መሆናቸውን ከግዛቱ ያጣሩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን የሚይዘው የግብርናና የሸማቾች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሜሪላንድ ከሆኑ የሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ። አይአርኤስም ለጥቆማ ፎርም 13909 አለው። እሱ ግን የመጨረሻው ነው። ማስረጃ ሳይዙ አይሙሉት።

በየወሩ የሚሰጡትን 50 ዶላር እስከዚያ አያቋርጡ። እኛ ስንከራከር ልጆቹ ትምህርት ቤት መሄድ አለባቸው፤ ለሦስት ሳምንት ደግሞ ብዙ የሚያጡት ነገር የለም።

ኢሜይሉን ከመላክዎ በፊት ግን ለጓደኛዎ ይደውሉላት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። ቤትዎ ጠርተው ቡና ያፍሉላት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አብረው ያንብቡት። ክፍል 10ን ከእሷ ጋር ይክፈቱ። መስመር 28 ላይ ስንት እንዳገኛችሁ ይጻፉልኝ።